የዝማምን ስም የዋጠው ቅጂ

ስለዚያ የሐምሌ ረቡዕ ሰቆጣ ውስጥ ብዙ ተወርቷል። ከተማችን ትንሽ ናት፤ ወሬ ከባለቤቱ ቀድሞ ቤት ይገባል። እኔ ግን እስከ ዛሬ አልተናገርኩም። ሲጠይቁኝ «አለፈ» እያልኩ ኖርኩ። አላለፈም። አሁን ጡረታ ወጥቻለሁ፤ የምፈራው አለቃ የለም፤ ስለዚህ እንደሆነው አድርጌ እጽፈዋለሁ። ቅር የሚለው ሰው ካለ ቅር ይበለው። እኔም ስንት ዓመት ቅር ብሎኝ ከርሜአለሁ።

ያኔ አርባ ስምንት ዓመቴ ነበር። በደርግ ጊዜ በወረዳው የመሬት መሥሪያ ቤት በታይፒስትነት ተቀጠርኩ። መንግሥት ተለወጠ፣ የመሥሪያ ቤቱ ስም ተለወጠ፣ ማኅተሙ ተለወጠ፤ እኔ እዚያው ወንበር ላይ ቆየሁ። ኮምፒውተር የመጣልን ጊዜ ደሴ ወርጄ የሦስት ሳምንት ሥልጠና ወሰድኩ። ስመለስ የቢሮው ወንዶች «አልጋነሽ በስተርጅና ቴሌቪዥን ገዛች» እያሉ ሳቁብኝ። ሳቃቸውን ትቼ ሥራዬን ያዝኩ። ከሚሊኒየሙ በኋላ ባለው ዓመት የገበሬው የመሬት ይዞታ ደብተር በኮምፒውተር ይሁን ሲባል፣ የሰቆጣ ዙሪያን ባለይዞታዎች ስም ከወረቀት ወደ ማሽን ያስገባሁት እኔ ነኝ። ብቻዬን።

ፕሮግራሙን የሠራው ዮናስ የሚባል የባሕር ዳር ሰው ነው። ፓይተን በሚባለው የፕሮግራም ቋንቋ ነበር የጻፈው። ማሽኑን እንዲጠብቅ የተመደበው ደግሞ መንገሻ ነበር፤ ባለ ሰርተፍኬት። ሰርተፍኬቱን በመስታወት አስገብቶ ከጠረጴዛው በላይ ሰቅሎታል። ኃላፊያችን አቶ ካሳሁን ይባል ነበር። ያን ጊዜ «አቶ ካሳሁን እንዲህ አሉ» እል ነበር፤ አክብሮቱ ለወንበሩ ነው። አሁን ወንበሩ ስለሌለ «አለ» እላለሁ።

አንድ ነገር ቀድሜ ላስረዳ። የቀበሌ ኮሚቴ መሬት ሲመዘግብ ልማድ አለው። ወንዱን በስሙ ይጽፋል። ባሏ የሞተባትን ሴት ግን በሟቹ ስም ነው የሚጽፋት፤ «የእገሌ ባለቤት» ይልና የራሷን ስም ከጎን በጠባቡ ይወሽቃል። ደግሞም ወንዱን ያስቀድማል። አንድ ሰው ሞቶ መሬቱን ልጁና ሚስቱ ቢካፈሉት፣ ልጁ ከላይ፣ ሚስቲቱ ከታች፣ ሁለቱም በሟቹ ስም ይመጣሉ። ዮናስ ይህን አላወቀም። ፕሮግራሙ በአንድ የቀድሞ ባለይዞታ ስም ሁለት ሰው ሲያገኝ «ተደግሟል» ብሎ ሁለተኛውን እንዲጥል አድርጎ ጻፈው። ሁለተኛው ሁልጊዜ ሴት ነው።

ይህን ያየሁት ግንቦት ላይ ነው፤ ለሙከራ የታተመውን ወረቀት ከቀበሌ ኮሚቴው ቅጽ ጋር ሳስተያይ። በስልክ ለዮናስ ነገርኩት፤ አመሰገነኝ፤ አስተካክሎ በሲዲ ላከ። መንገሻ ጫነው። «አለቀ፣ እትዬ፤ አሁን አርፈሽ ተኚ» አለኝ። ተኛሁ። ጥፋቴ እሷ ናት፤ ሌላ ጥፋት የለብኝም። እንደገና አትሜ ማየት ነበረብኝ።

ሐምሌ ላይ ዝርዝሩ ታትሞ ሕዝብ እንዲያየው በየቀበሌው ተለጠፈ።

ረቡዕ ጠዋት ቢሮ ስገባ ዝናቡ አላባራም። በረንዳው ላይ አንዲት ሴትዮ ቆመዋል፤ የላስቲክ ጫማቸውን በእጃቸው ይዘዋል፤ እግራቸው እስከ ባት ድረስ ጭቃ ነው።

«አልጋነሽ የምትባለው የትኛዋ ናት?» አሉኝ። አማርኛቸው አገውኛ አገውኛ ይላል።

«እኔ ነኝ። ይግቡ፣ እናቴ፤ ዝናብ ላይ ነዎት።»

«መግባቱን እገባለሁ። መጀመሪያ ልይሽ።» ከእግር እስከ ራሴ አዩኝ። «እኔ ዝማም ነኝ። የንጉሤ ወልዱ ሚስት።»

ስሙን ሰማሁና ቅጹ በዓይኔ መጣ። ኮሚቴው «ዝማም» የሚለውን ከወረቀቱ ጠርዝ ላይ አጣብቆት ስለነበር አስታውሰዋለሁ።

«ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን ቄሱ አነበቡልኝ» አሉ። «ሦስት ጊዜ አስነበብኳቸው፤ በመጨረሻ ተቆጡኝ። አስማረ ንጉሤ አለ። ዝማም የለችም። ከእንጀራ ልጄ ጋር መሬቱን በሽማግሌ እኩል ነው የተካፈልነው። አሁን አስማረ ‹ወረቀቱ መሬቱ የኔ ነው ይላል› አለኝ። ደግሞ አስማረ ያንቺ ዘመድ ነው አሉኝ። እውነት ነው?»

እውነት ነበር። አስማረ የእናቴ የአጎት ልጅ ልጅ ነው። እንዲህ ከተቆጠረ ዋግ ውስጥ ዘመዴ ያልሆነ ጥቂት ነው፤ ይህን ግን ጭቃ ረግጠው ለመጡ ሰው አይናገሩትም።

«ዘመዴ ነው። ስምዎን ግን በዚህ እጄ ነው የጻፍኩት።»

«ከጻፍሽው የት ሄደ?»

ገና በሩ ላይ ሳለን ተላላኪው መጥቶ አቶ ካሳሁን ይፈልግሻል አለኝ። ገባሁ። መንገሻ ቀድሞ ገብቶ ከመስኮቱ አጠገብ ተቀምጧል። ጠረጴዛው ላይ ከቀበሌው የመጣ አቤቱታ አለ፤ የአሥራ ዘጠኝ ሴቶች የጣት አሻራ ከሥሩ ተደርድሯል።

«ወይዘሮ አልጋነሽ፣ ይህን እንዴት ያዩታል?» አለ ካሳሁን።

«እነዚህን ሴቶች ሁሉ አስገብቻቸዋለሁ።»

«ዝርዝሩ ላይ ግን የሉም።»

«ፕሮግራሙ ጥሏቸው ይሆናል። ግንቦት ላይ ያየነው ችግር ነው።»

መንገሻ ጉሮሮውን ጠረገ። «እሱ ተስተካክሏል። እኔ ራሴ ነኝ የጫንኩት። ኮምፒውተር አይዋሽም፣ እትዬ። የሰጡትን ነው የሚመልሰው።»

«አንዷን ለዘመድ ብለው ነው እንበል» አለ ካሳሁን። «አሥራ ስምንቱንስ ለማን ብለው ነው?»

እንዲህ ነው ያለኝ። እሱ ገና ተማሪ ሳለ የትምህርት ማስረጃውን በታይፕ የገለበጥኩለት እኔ ነበርኩ። በሰው ፊት እንዲህ አለኝ።

«ነገ ሦስት ሰዓት ግምገማ ይኖራል» አለ ቀጥሎ። «ጉዳይዎ በሠራተኛው ፊት ይታያል። እስከዚያ የማሽን ክፍሉን ቁልፍ ለመንገሻ ያስረክቡ።»

ግምገማን ያላየ ሰው ይህን ተራ ስብሰባ ሊመስለው ይችላል። ሠላሳ ሰው ተራ በተራ ይነሳና ስለ አንተ ይናገራል፤ የተበደርከው ስኳር፣ ያልመለስከው ሰላምታ ሳይቀር ይወጣል። ከዚያ ወንበርህ ሌላ ሰው ይሰጠዋል። ከእኔ ወንበር ይልቅ ግን አርብ የባሰ ነበር። አርብ ደብተሮቹ በዚያው ዝርዝር መሠረት መታተም ይጀምራሉ። ደብተር አንዴ ማኅተም ካረፈበት በኋላ የዝማም መንገድ ፍርድ ቤት ነው፤ ጠበቃ ነው፤ ዓመታት ነው።

«እስከ ዛሬ አሥራ አንድ ሰዓት ጊዜ ይስጡኝ» አልኩ።

«ምን ሊያደርጉበት? ስሞቹን መልሰው ሊያስገቡ?»

«መንገሻ አጠገቤ ይቀመጥ። ቁልፉም በእሱ እጅ ይሁን። የምነካውን ሁሉ ይይ።»

ካሳሁን መንገሻን አየው። መንገሻ ትከሻውን ነቀነቀ። «ትሞክር። እኔ ምን ቸገረኝ» አለ።

ስወጣ ወይዘሮ ዝማም አግዳሚው ላይ ተቀምጠው ሽምብራ ቆሏቸውን ፈትተዋል።

«እናቴ፣ ይሂዱና ነገ ይምጡ። መንገዱ ሩቅ ነው።»

«ሄጄ ምን ልበል? ‹ቢሮውን አየሁት› ልበል? ስሜን ሳላገኝ አልሄድም።» አንድ እፍኝ ቆሎ ዘረጉልኝ። «ብዪ። ጠላትም ይበላል።»

ተቀብዬ በላሁ።

ማሽን ክፍሉ ጠባብ ነው። መንገሻ ወንበሩን ከኋላዬ አድርጎ ተቀመጠና ጥርሱን በክብሪት እንጨት ይጎረጉር ጀመር። መጀመሪያ ያስገባሁትን ስም የያዘውን ሰነድ ከፈትኩ። ዝማም አለች። ከነአባቷ ስም፣ ከነጎጧ። ጣቴን የኮምፒውተሩ መስታወት ላይ አደረግሁ።

«ይኸው። አየህ?»

«ዛሬ ጠዋት አስገብተሻት ይሆናላ።»

«ዛሬ ጠዋት ይህን ክፍል ማን ከፈተው?»

«እኔ» አለ።

«እና?»

«ትናንት አስገብተሻት ይሆናል።»

እንዲህ ያለ ሰው ነበር። በማስረጃ ብትይዘው በቀን ያመልጥሃል። ዝርዝር አውጪውን ፕሮግራም አስነሳሁና አተምኩ። ወረቀቱ ወጣ፤ አስማረ አለ፤ ዝማም የለችም። ከሥር ስትገባ አለች፣ ከላይ ስትወጣ የለችም። መሀል ላይ አንድ ነገር ይበላታል ማለት ነው።

ስልኩ ያለው ጸሐፊዋ ክፍል ነው። ዮናስን በሁለተኛው ሙከራ አገኘሁት።

«እትዬ አልጋነሽ፣ እሱን እኮ ጨርሰነዋል» አለኝ። «የተደገመ ስም የሚጥለውን ማጣሪያ እንደ አዲስ ጽፌ አዲስ ፎልደር ውስጥ ነው ያስገባሁት። ከፍተሽ አንብቢው፤ አሁን የሚያየው የሟቹን ስም ሳይሆን የሰውየውን የራሱን ስም ነው።»

ተመልሼ ከፈትኩት። እውነቱን ነው፤ የራስን ስም ነው የሚያየው። እንግሊዝኛዬ ብዙ አይደለም፤ ያን ያህል ግን ይገባኛል። የተጻፈው ሌላ፣ ማሽኑ የሚሠራው ሌላ። እንደገና ደወልኩ።

«አይሆንም» አለ ዮናስ። «ሊሆን አይችልም።»

«ሆኗል። ወረቀቱ እጄ ላይ ነው።»

ሊመልስልኝ ሲል መስመሩ ተቋረጠ። ጸሐፊዋ «ዝናብ ሲሆን እንዲህ ነው» አለችና ሹራቧን መሥራት ቀጠለች። ሰዓቱን አየሁ፤ ዘጠኝ ሊሆን ሩብ ጉዳይ ነው።

ተመልሼ ማሽኑ ፊት ተቀመጥኩ። ደክሞኝ ነበር። መንገሻ «እትዬ፣ ነገ በግምገማው እኔ ብዙ አልናገርም፤ አትጨነቂ» አለኝ። ደግ መሆኑ ነው። ፎልደሩን ከፍቼ የፋይሎቹን ስም ከላይ እስከ ታች ማንበብ ያዝኩ። ሌላ የማደርገው ስለሌለኝ ነው።

እዚያ ነው ያየሁት። ማጣሪያው ወደ አዲሱ ፎልደር ተዛውሯል፤ ግን በዋናው ፎልደር ውስጥ በዚያው ስም አንድ ፋይል ተቀምጧል። ጭራው የተለየ ነው። ዮናስ የሚጽፋቸው በፒ-ዋይ ያበቃሉ፤ ይኸኛው ፒ-ዋይ-ሲ ይላል። ልክፈተው ስል የተቆራረጠ ምልክት ብቻ ሆነብኝ፤ ሰው የሚያነበው አይደለም። የተፈጠረበትን ቀን አየሁ። ከግንቦት በፊት ነው። ከማስተካከያው በፊት።

ስቀጠር የመዝገብ ቤት ኃላፊ የነበሩ አንድ ሽማግሌ ነበሩ። አንድ ቀን የተሻረ ደብዳቤ ዋናውን ብቻ ሰርዤ ስሰጣቸው ወረቀቱን መለሱልኝ። «ካርቦኑስ?» አሉኝ። «ዋናው ተሽሮ ካርቦኑ በፋይል ከቀረ፣ ነገ አንዱ ያገኘውና በተሻረ ደብዳቤ ሰው ያስራል።» በእኛ ሥራ ይህን የማያውቅ የለም። ሽረህ ከሆነ ቅጂውን ፈልገህ ትሽራለህ።

«መንገሻ» አልኩ። «ግንቦት ላይ ስትጭን አሮጌውን ማጣሪያ ምን አደረግከው?»

«ደመሰስኩት። ዮናስ ደምስስ ብሎኛል።»

«ይኸኛውንስ?»

ጎንበስ ብሎ አየ። «እሱ ማሽኑ ራሱ የሚሠራው ነው። አይነካም።»

ተነስቼ ወደ ስልኩ ሄድኩ። መስመሩ እስኪመለስ አርባ ደቂቃ ቆምኩ። ወይዘሮ ዝማም ከአግዳሚው ሆነው ያዩኛል። በመጨረሻ ዮናስ ተገኘና ያየሁትን ነገርኩት።

«እትዬ» አለ፣ «ጥፋቱ የኔ ነው።»

በሥራ ዘመኔ ከወንድ አፍ ይህን ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው።

አስረዳኝ። ፓይተን የተጻፈውን ፋይል አንዴ ካነበበ በኋላ፣ ሁለተኛ ጊዜ እንዳይደክም በራሱ ቋንቋ ተርጉሞ ቅጂ ያስቀምጣል። ዋናው አጠገቡ ካለ ያስተያያል፤ ዋናው ከተለወጠ ቅጂውን ያድሳል። ዋናው ከሌለ ግን የሚያስተያይበት የለውም፤ ቅጂውን እንዳለ አምኖ ይሠራበታል። ማሽኑ የሚጀምረው ደግሞ ከዋናው ፎልደር ነው፤ የሚፈልገውን ስም እዚያ ካገኘ አዲሱን ፎልደር አያይም። መንገሻ ዋናውን ደመሰሰ፤ ቅጂው ቀረ። ከግንቦት ጀምሮ ሴቶቹን የሚጥለው የተሻረው ሕግ ነው።

«ቅጂዎቹን በሙሉ አጥፊያቸው» አለኝ። «ከዚያ ዳግመኛ ቅጂ እንዳይጽፍ እንከለክለዋለን። ደብተሩ እስኪያልቅ ማስተካከያ መላኬ አይቀርም፤ ፋይል በተነሳ ቁጥር ቅጂ እየቀረ እንዲህ ሊጫወትባችሁ አይገባም። ወረቀት ያዢ። ኢንቫይሮንመንት ቫሪያብል ይባላል፤ ፕሮግራሙ ሥራ ከመጀመሩ በፊት የሚያየው ትእዛዝ ነው። ሃያ ሦስት ፊደል ነው፤ ክፍተት የለውም። አንድ በአንድ እነግርሻለሁ።»

በእስክሪብቶ፣ በትልልቁ ጻፍኩት፦ PYTHONDONTWRITEBYTECODE። ሁለት ጊዜ መልሼ አነበብኩለት። ዋጋው ቁጥር 1 ይሁን አለኝ። «ደግሞ አስታውሺ» አለ፣ «ይህ ትእዛዝ አዲስ ቅጂ እንዳይጽፍ ነው የሚከለክለው። ያለውን ከማንበብ አያግደውም። ማጥፋቱ ይቅደም።»

ተመለስኩ። አሮጌውን ቅጂ ግን አላጠፋሁትም። ሰው የምታምን ሴት ብሆን ኖሮ አጠፋው ነበር። ዴስክቶፑ ላይ ሌላ ፎልደር ከፍቼ እዚያ አኖርኩት፤ የቀሩትን ቅጂዎች ደመሰስኩ። ፕሮግራሙን አስነሳሁ። ስሞቹ መስታወቱ ላይ ይወርዱ ጀመር። አስማረ ንጉሤ። ከሥሩ ዝማም።

መንገሻ ከኋላዬ ጥርሱን መጎርጎሩን አቆመ።

ገና አላለቀም ነበር። ዮናስ እንዳለው ማይ ኮምፒውተር የሚለው ላይ በቀኝ ጠቅ አድርጌ፣ ፕሮፐርቲስ ገብቼ፣ ሃያ ሦስቱን ፊደል ከወረቀቱ እያየሁ አስገባሁ። አንድ ጻፍኩ። ኦኬ የሚለውን ተጫንኩ። ለማረጋገጥ አዲስ የተፈጠሩትን ቅጂዎች ደምስሼ እንደገና አስነሳሁ። ፎልደሩን ሳይ ቅጂዎቹ ተመልሰው ተደርድረዋል።

ፊደሎቹን በጣቴ እየቆጠርኩ አየሁ፤ ሃያ ሦስት ናቸው። አንድ አለ። ስህተት የለም።

«አልሠራም?» አለ መንገሻ። ድምፁ ደስ ደስ ብሎታል።

ሰዓቱ አሥር ከሩብ ነው። ደግሜ ልደውል ብነሳ መስመሩ እንደ ቅድሙ ይቋረጥብኛል ብዬ ፈራሁ። ተቀምጬ አሰብኩ። ዮናስ ምን ነበር ያለው? ፕሮግራሙ ሥራ ከመጀመሩ በፊት የሚያየው ትእዛዝ። ትእዛዞች የምጽፍበት ጥቁሩ መስኮት ግን ከጠዋት ጀምሮ ክፍት ነው። እኔ ትእዛዙን ሳወጣ እሱ ቀድሞ ሥራ ላይ ነበር። ማስታወቂያ ሳይለጠፍ ቢሮ የገባ ሠራተኛ ማስታወቂያውን ከየት ያየዋል? መስኮቱን ዘጋሁት። አዲስ ከፈትኩ። ቅጂዎቹን ደመሰስኩ፤ አስነሳሁ።

ዝርዝሩ ወጣ። ፎልደሩን አየሁ። አንድም ቅጂ የለም።

«ካሳሁንን ጥራው» አልኩ።

«ምን ብዬ?»

«አልጋነሽ ትጠራሃለች በለው።»

መጣ። ወይዘሮ ዝማምም ሳይጠሩ ገቡ፤ በሩ ላይ ቆሙ። እኔ አልተነሳሁም።

«መንገሻ፣ አንተ ተቀመጥ» አልኩና ወንበሩን ለቀቅሁለት። «እኔ ማሽኑን አልነካም። የምልህን አድርግ። ይህን ፋይል ከዚህ አንስተህ ዋናው ፎልደር ውስጥ አስቀምጥ።»

አስቀመጠ።

«አስነሳ።»

አስነሳ። አስማረ አለ። ዝማም የለችም።

«አሁን አውጣው። አስነሳ።»

ዝማም መጣች።

«መልሰው።»

ጠፋች። ሦስት ጊዜ አስደረግሁት። አራተኛውን ልል ስል ካሳሁን «ይበቃል» አለ።

«አይበቃም» አልኩ። «ስሟን ማን እንዳወጣው ይንገሩኝ።»

«ማሽኑ... አሮጌው ፋይል ነው።»

«አሮጌውን ፋይል ማን አስቀረው?»

ካሳሁን መንገሻን አየ። መንገሻ ኪቦርዱን አየ። ወይዘሮ ዝማም ከበሩ ተራመዱና ወደ መስታወቱ ቀረቡ።

«የትኛዋ ናት እኔ?» አሉ።

አሳየኋቸው። ጣታቸውን ዘርግተው ሊነኩ ሲሉ መንገሻ «አይነካም፣ እማማ» አለ።

«ዝም በል አንተ» አሉት። «ስሜ ነው።» ነኩት።

አሮጌውን ቅጂ በሲዲ ገልብጬ በካዝና አስቆለፍኩ። ደብተሮቹ አርብ ሊታተሙ አልቻሉም፤ የሁሉም ቀበሌ ዝርዝር እንደገና ታተመ፤ አሥራ ዘጠኙም ሴቶች ተመለሱ። ዮናስ የጻፈውን ማስተካከያ ሲልክ ከዚያ በኋላ የምጭነው እኔ ሆንኩ።

ሐሙስ ሦስት ሰዓት ግምገማው ተደረገ። ሰው ስለ እኔ ሊናገር ተዘጋጅቶ ስለመጣ ስብሰባውን መሰረዝ ከበደ መሰለኝ። አጀንዳው ተለውጦ «የዝርዝር ኅትመት ችግር» ተባለ። መንገሻ ተነሥቶ «ችግሩን መርምረን አግኝተነዋል» አለ። አግኝተነዋል። ማንም አልሳቀም፤ እኔም አልሳቅሁም። እስከ ዛሬ ድረስ ችግሩን ያገኘው እሱ ነው ብለው የሚያምኑ አሉ። ይህን ጽሑፍ ያንብቡ።

ቃለ ጉባኤውን የምተይበው እኔ ነበርኩ። ካሳሁን ከሰዓት በኋላ ቢሮው ጠርቶ በቃሉ አጻፈኝ። «በወይዘሮ አልጋነሽ ላይ የቀረበው ጉዳይ ለጊዜው ታልፏል» አለ።

እጄን ከኪቦርዱ አነሳሁ።

«ለምን አቆሙ?»

«ይህን አልጽፍም።»

«ቃለ ጉባኤ ነው። እኔ የምለውን ነው የሚጽፉት።»

«ለጊዜው ታልፏል ካልኩ፣ ሌላ ጊዜ ይነሳል ማለት ነው። እኔ ከሄድኩ በኋላ ይህን ወረቀት የሚያነብ ሰው ሌባ ነበረች ይላል።»

«ምን ልበል ታዲያ?»

«የሆነውን።»

ወደ ውጭ አየ። ዝናብ እንደገና ጀምሯል። ከዚያ እያንዳንዱን ቃል እንደ ጥርስ እያወለቀ፣ «በወይዘሮ አልጋነሽ ላይ የቀረበው ክስ መሠረት የሌለው ሆኖ ተገኝቷል» አለ። ጻፍኩት። በዚያ ዘመን ስንት ሺህ ገጽ እንደተየብኩ አላውቅም። አንዲት መስመር ስተይብ ግን እጄ እንደዚያ ቀልሎ፣ ደረቴ እንደዚያ ተከፍቶ አያውቅም። አስፈረምኩት። ይቅርታ አልጠየቀኝም። እኔም ይቅርታውን አልጠበቅሁም፤ መስመሯ ትበቃኝ ነበር። ያን ቀን ማታ ራት በልቼ ወዲያው ተኛሁ፤ እስከ ጠዋት አልነቃሁም።

እናንተ አንባቢዎቼ፣ ከዚህ ምን እንደምትወስዱ አላውቅም። እኔ የወሰድኩትን ልንገራችሁ። ከዚያ ረቡዕ በፊት «ኮምፒውተሩ እንዲህ አለ» የሚሉኝን ሁሉ አንገቴን ደፍቼ እቀበል ነበር፤ ሰርተፍኬት ያለው ሰው ሲናገር እኔ አላዋቂ ነኝ ብዬ። አሁን ግድግዳ ላይ የተለጠፈ ዝርዝር ባየሁ ቁጥር «ይህ ከየትኛው ቅጂ ነው የተነበበው?» እላለሁ። የዛሬ ልጆች ማሽኑ አዲስ ስለሆነ የሚነግራቸው ሁሉ አዲስ ይመስላቸዋል። የተሻረ ነገር እንደተሻረ አያውቅም። የሚነግረው ሰው ያስፈልገዋል። ሰውየው ደግሞ ባለ መስታወቱ ሰርተፍኬት ላይሆን ይችላል።

ሁለተኛ ነገር፦ ያን ቅጂ ባጠፋው ኖሮ ዛሬም ተጠርጣሪ ነበርኩ። ሰው «ክፉ ናት፣ ሰው አታምንም» ይለኛል። እውነት ነው። አለማመኔ ለአሥራ ዘጠኝ ሴቶች ደብተር ሰጠ፤ ለኔ ደግሞ ስሜን መለሰልኝ። አልቀየርም።

መስከረም ላይ ደብተሮቹ ታድለው ወይዘሮ ዝማም ቢሮ መጡ። ጭቃው ደርቋል፤ ጫማቸውን አድርገዋል። ደብተሩን ከነጠላቸው አውጥተው ከፈቱልኝ። ፎቶግራፋቸው ተለጥፏል፤ ከሥሩ የራሳቸው ስም፣ የራሳቸው አባት ስም። የንጉሤ ባለቤት የሚል ነገር የለም።

«አንብቢልኝ» አሉ።

አነበብኩላቸው።

«እንደገና።»

እንደገና አነበብኩ። አጥፈው መለሱት። ሊሄዱ ሲሉ በሩ ላይ ዞሩ።

«አሁን ጠላቴ አይደለሽም» አሉኝ።

«ወዳጅዎ ነኝ ማለት ነው?»

አሰቡበት። «እሱን ገና አናውቅም» አሉና ሄዱ።